ልጅዎን ፖሊስ ያዘው ሲባሉ፦ ከጣቢያው በር እስከ ዳኛዋ ጠረጴዛ

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚደወለው ማታ ነው። "እትዬ፣ ልጅዎን ፖሊስ ይዞታል" ይላል አንዱ የሰፈር ልጅ። ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ውስጥ መዝገብ ስከፍት፣ ቀጠሮ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ጠበቃም ዳኛም አይደለሁም፤ ሆኖም ሰፈር ውስጥ ልጅ በተያዘ ቁጥር የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። እዚህ ያለቀው ብሎክ ካላለቀው ጎን ቆሟል። ፌሮው፣ ሽቦው፣ የቧንቧው ቁራጭ ሜዳ ላይ ያድራል፤ ቁራሌው በቀን ሁለቴ እየጮኸ ያልፋል። የ13 ዓመት ልጅ እጁን ኪሱ ከትቶ ይለፍ ማለት ቀላል ነው፣ ለተናጋሪው።

በእነዚህ ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ሕጉ ለልጅ የሰጠው ጥበቃ አብዛኛው የሚሠራው አጠገቡ አንድ አዋቂ ሲቆምለት ነው። እናት ካልመጣች፣ ወይም መጥታ "እመንና እንገላገል" ካለችው፣ ጥበቃው ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለልጁ ሳይሆን ለእርስዎ ነው።

1. ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ዕድሜውን ይቁጠሩ

ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጆችን በሦስት ደረጃ ከፍሏቸዋል።

ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። አንቀጽ 52 ነው። ምንም ቢያደርግ ክስ የለም፣ ቅጣት የለም፤ ልጁን የማረሙ ነገር ለቤተሰቡ፣ ለትምህርት ቤቱና ለሞግዚቱ የተተወ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ጣቢያ ተቀምጦ ካገኙት ይህን አንቀጽ ጠርተው ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ ሕጉ "ወጣት ጥፋተኛ" የሚለው ነው። ይጠየቃል፣ ግን የአዋቂ ቅጣት አይነካውም። የሚወሰንበት ከአንቀጽ 157 እስከ 168 ከተዘረዘሩት አንዱ ነው፤ ከአዋቂ እስረኛ ጋርም አንድ ላይ አይታሰርም። ይህ መመሪያ በዋናነት ስለዚህ ልጅ ነው።

ሦስተኛው ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ነው። ብዙ ወላጅ የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሲያነብ፣ ከ18 በታች ያለ ሁሉ ሕፃን ነው። የወንጀል ሕጉ ግን ይህን ልጅ በመደበኛው ሥርዓት፣ እንደ አዋቂው፣ በመደበኛ ችሎት ያስቀርበዋል። ልዩነቱ ቅጣት ላይ ነው። በአንቀጽ 56 መሠረት ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ለታናናሾቹ የተቀመጡትን እርምጃዎች ሊወስድለት ይችላል። ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ያልሞላው ሰው ደግሞ በምንም ዓይነት ወንጀል የሞት ቅጣት አይፈረድበትም። እኔን ከጠየቁኝ፣ የ16 ዓመት ልጅን ከአዋቂዎች ጋር በአንድ ኮሪደር አሰልፎ ማስጠራት የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ ነው። ቢሆንም በሥራ ላይ ያለው ይህ ነውና ልጅዎ 15 ካለፈ ቶሎ ጠበቃ ይፈልጉ፣ የዋስትና መብቱንም ይጠይቁ።

የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። የፍርዱ ቀን ዕድሜ አይደለም። "15 ይዞታል" እና "15 ሞልቶታል" የሚሉትንም አያደባልቁ፤ እኛ በአፋችን እናደባልቃቸዋለን፣ መዝገብ ላይ ግን በመሀላቸው አንድ ዓመት ሙሉ አለ። በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ወረቀት ካለዎትም መጀመሪያ ወደ እኛው አቆጣጠር ይመልሱት።

አሁን ወረቀቱን ይፈልጉ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ላይኖረው ወይም በኋላ የወጣለት ሊሆን ይችላል። የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል የወሊድ ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ፋይል፣ የክርስትና ካርድ፣ ያለዎትን ሁሉ ይያዙ። ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ልንገርዎት። አንዲት ጎረቤቴን "የክርስትና ካርዱን ያዢ፣ ይበቃል" ብዬ ላክኋት። ካርዱ ላይ ያለው ግን የክርስትና ስሙ ነው! ትምህርት ቤት ሌላ፣ መዝገብ ላይ ሌላ። ዳኛዋ "ይህ የማን ልጅ ካርድ ነው?" ብለው ቀጠሮ ሰጡ፤ በእኔ ምክር ምክንያት ልጁ ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ተመላለሰ። ስሞቹ ከተለያዩ ሁለቱም የአንድ ልጅ መሆናቸውን የሚያስረዳ ሰው ወይም ደብዳቤ አብሮ ይምጣ።

ወረቀት ጨርሶ ከጠፋ ወይም ዕድሜው ካጠራጠረ ፍርድ ቤቱ ልጁን ለዕድሜ ምርመራ ወደ ሐኪም ቤት ይልከዋል። አጥንቱ ራጅ ይነሳል፣ ጥርሱ ይታያል፤ የሚመጣው ውጤት ግን ግምት ነው፣ "ከዚህ እስከዚህ" የሚል። ድንበር ላይ ላለ ልጅ የክትባት ካርድ ከራጅ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። አደራ፣ ዕድሜ የቀነሰ ወረቀት ልግዛ አይበሉ። ሐሰተኛ ሰነድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ያኔ ተከሳሹ እርስዎ ነዎት።

2. ጣቢያው

ሕጉ ለዚህ ልጅ ጣቢያን መተላለፊያ እንጂ ማደሪያ አላደረገውም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 171 እስከ 180 ስለ ወጣት ጥፋተኞች ብቻ ይናገራል፤ አንቀጽ 172 ልጁ ወዲያውኑ አቅራቢያ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። የሚወስደው ፖሊስ ሊሆን ይችላል፣ ዐቃቤ ሕግ ሊሆን ይችላል፣ የግል ተበዳይ ወይም ራሱ ወላጅ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠራው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው።

"ወዲያውኑ" የሚለው ቃል በተግባር ሲለጠጥ አይቻለሁ። ቅዳሜ ማታ የተያዘ ልጅ ሰኞ ጠዋት ድረስ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ቢያንስ ሕገ መንግሥቱ ለማንኛውም የተያዘ ሰው ያስቀመጠው የ48 ሰዓት ጣሪያ አለ። እርስዎ ማድረግ ያለብዎት ጣቢያው ሲደርሱ የሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለውን ክፍል መጠየቅ ነው። ካለ ጉዳዩን ወደዚያ ያሳልፉ፤ ከሌለ መርማሪውን ስሙንና የመዝገቡን ቁጥር ይጠይቁ፣ ይጻፉት። ልጁ ከአዋቂዎች ጋር በአንድ ክፍል ከሆነ ያለ ጩኸት፣ ግን ሰው በሚሰማበት፣ "ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ለይታችሁ አስቀምጡ ይላል" ይበሉ። መጮኽ አይጠቅምም። አንቀጽ መጥራት ግን ይጠቅማል፤ የሚያውቅ ሰው መምጣቱ ይታወቃል።

ስለ ቃል መስጠት። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ለፖሊስ መመሪያ የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ ነው። ልጁ ዝም የማለት መብት አለው፤ ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንበትም። ስለዚህ እርስዎ በሌሉበት ምንም ነገር ላይ እንዳይፈርም፣ ጣቱንም እንዳያሳርፍ ይንገሩት። ሰውነቱን ይዩት፤ ተመትቶ ከሆነ ዝም ብለው ለዳኛው ቀን አያቆዩት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወስደው የሕክምና ማስረጃ ያውጡ።

ከሁሉ የሚከብደኝን ልናገር። ብዙ ጊዜ ልጁን የሚመታው ፖሊሱ አይደለም፤ አባትየው ነው፣ እዚያው ጣቢያው በር ላይ፣ "አሰደብከኝ!" እያለ። ንዴቱ ይገባኛል። ግን በጥፊ ብዛት "አዎ ሰርቄያለሁ" ያለ ልጅ ዳኛዋም ፊት ያንኑ ይደግመዋል፤ እውነት ይሁን አይሁን።

3. የትኛው ፍርድ ቤት? የዳር ሰፈር ችግር

መሀል ከተማ ያለ ሰው ይህ ጥያቄ አይመጣበትም። እኛ ዳር ያለነው ግን ልጃችን አዲስ አበባ አድሮ፣ ኳስ ሲከተል ኦሮሚያ ይውላል። ከቱሉ ዲምቱ ገላን፣ ከአያት ለገጣፎ፣ መሀሉ አንድ አስፋልት ነው። ደንቡ፦ ጉዳዩን የሚያየው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው፤ ልጁ የሚኖርበት አይደለም። ድርጊቱ የተፈጸመው በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ የሚያዘው የኦሮሚያ ፖሊስ ነው፣ የሚቀርበውም ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው፤ የችሎቱ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። ልጁ ወይም እርስዎ ቋንቋውን ካልሰሙ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቀርብልዎታል። መብት ነው፣ ልመና አይደለም፤ ገና መዝገቡ ሲከፈት ይጠይቁ፣ አለበለዚያ የቀጠሮው ቀን አስተርጓሚ የለም ተብሎ ይመለሳሉ።

ድርጊቱ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የወጣት ጥፋተኞች ችሎት ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠራው ልደታን ነው። ቢሆንም ፍርድ ቤቱ በየክፍለ ከተማው ምድብ ስላለው የትኛው እንደሚያይ ከመርማሪው በጽሑፍ ይያዙ። እኛ ከዚህ ልደታ ለመድረስ ቃሊቲ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ ባቡሩ ካለ በባቡር ነው፤ ስለዚህ ለሁለት ሰዓት ተኩል ችሎት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሳት ነው። ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ፍርድ ቤቶች እረፍት ላይ ናቸው፤ በዚያ ጊዜ የሚያገኙት ተረኛ ችሎት ነው።

አንድ ነገር አይምታታብዎት። "ለሕፃናት ምቹ ችሎት" ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው ተበዳይ ወይም ምስክር የሆነ ሕፃን በሌላ ክፍል ተቀምጦ በካሜራ ቃሉን ስለሚሰጥበት አሠራር ነው። የእርስዎ ልጅ የመጣው ተጠርጥሮ ከሆነ መጠየቅ ያለብዎት የወጣት ጥፋተኞችን ችሎት ነው።

4. የመጀመሪያው መቅረብና ወደ ቤት መመለስ

ዳኛው ልጁን ላመጣው ሰው "ምን አደረገ? ማን አየ?" ይለዋል፤ መልሱ ይመዘገባል። አብዛኛው ጉዳይ መደበኛ ክስ እንኳ የለውም። ዐቃቤ ሕግ ክስ እንዲያዘጋጅ የሚታዘዘው ወንጀሉ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚመስለን ግድያ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ስርቆት የሚባለው ራሱ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ልጆች በቡድን ሆነው አጥር ሰብረው ገቡ ከተባለ ነገሩ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ለእርስዎ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ጠበቃ በመንግሥት የሚቆምለት በሁለት ሁኔታ ነው፦ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይመጣለት ሲቀር፣ ወይም ጉዳዩ ይህን ያህል ከባድ ሲሆን። እናት መጥታ ነገሩ ቀላል ስርቆት ከሆነ የልጁ ጠበቃ በተግባር እናቱ ናት። ሰው ይህን አያውቅም። ተቀምጣ ታለቅሳለች እንጂ መናገር እንደምትችል የሚነግራት የለም። ጠበቃ ከፈለጉ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፤ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የሕፃናት የሕግ ከለላ ማዕከል አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት ጣቢያ አላቸው። ከችሎቱ ቀን በፊት ይሂዱ።

ጉዳዩ በዚያ ቀን ካላለቀ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው። የተረከበው ሰው በቀጠሮ ቀን ሊያቀርበው ኃላፊነት ይወስዳል። ገንዘብ አስይዙ የሚል የለበትም። ልጁ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጠባይ ማረሚያ ሲላክ ያየሁት ብዙውን ጊዜ የሚረከበው ሰው ሳይመጣ ሲቀር ነው። ጎዳና የሚያድሩ ልጆች እዚያ የሚበዙት የባሰ ስለሠሩ አይመስለኝም።

5. የዳኛዋ ቢሮ

ችሎት ሲባል ከፍ ያለ ወንበርና ተደርድሮ የሚያይ ሕዝብ ከጠበቁ ተሳስተዋል። ሁሉም ነገር የሚካሄደው በጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በዝግ ነው። የሚገቡት ምስክሮች፣ ባለሙያዎች፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እና የሕፃናት ደህንነት ድርጅት ተወካዮች ብቻ ናቸው። ጎረቤት፣ ዕድርተኛ፣ የተበዳይ ወንድም፣ ሁሉም ውጭ ይቀራል። እኔም የቀረሁት ውጭ ነው፤ ቀጥሎ የምነግርዎትን የሰማሁት እናትየው ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስትነግረኝ ነው።

ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ከጓደኛው ጋር ካላለቀ ብሎክ ጎን የፌሮ ቁርጥራጭ አንስተው ለቁራሌው ሸጠዋል። ዘበኛው ያዛቸው። ዳኛዋ ስሙን ጠየቁት፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠየቁት፣ ከማን ጋር እንደሚኖር ጠየቁት። ሥነ ሥርዓቱ ራሱ ነገሩ ከመደበኛ ችሎት ወግ ወጣ ብሎ ይካሄድ ይላል። ከዚያ የቀረበበትን ነገር አነበቡለትና፣

"ምን ትላለህ?" አሉት።

"አዎ፣ ወስጃለሁ።"

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ልጁ የተባለውን በደንብ ከተረዳና ካመነ ዳኛው ቃሉን መዝግቦ እዚያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። አንድ "አዎ"፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ማስረጃ። በኋላ ይግባኝ ቢሉም አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ላይ እንጂ በጥፋተኝነቱ ላይ አይደለም። ግን "አዎ፣ ወስጃለሁ" ማለት "አዎ፣ ሰርቄያለሁ" ማለት ነውን? መውሰድና መስረቅ አንድ አይደሉም፤ ስርቆት የሌላ ሰው መሆኑን አውቆ መውሰድን ይጠይቃል። ልጅ ደግሞ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

ያቺ እናት፣ ታክሲ ተራ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት፣ እጇን አወጣች። "ክብርት ዳኛ፣ የተጣለ ነው ብለውት ነው ያነሳው፤ ለእኔም ቤት ሲመጣ እንደዚያ ነው የነገረኝ።" ዳኛዋ ወደ ልጁ ዞረው እንደገና ጠየቁት። ያኔ ነው "ትልቁ ልጅ" የወጣው፦ አንድ ከ20 በላይ የሆነ ጎረምሳ፣ "ይሄ የተጣለ ነው፣ አንሱና ሽጡት፣ እንካፈላለን" ያላቸው። ዳኛዋ የልጁን ቃል እንደ ክህደት መዘገቡት፤ ነገሩ ወደ ምስክር ሄደ።

ምስክር የሚጠይቁት በመጀመሪያ ዳኛው ናቸው፤ ከዚያ የልጁ ወገን ይጠይቃል። ጠበቃ ከሌለ የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት። ጥያቄዎን በወረቀት ይዘው ይግቡ፣ ሦስት ቢበዛ አራት። የኛዋ ሁለት ብቻ ነው የጠየቀችው፦ "ፌሮው ከአጥሩ ውስጥ ነበር ወይስ ውጭ?" እና "ልጄን ከዚያ በፊት እዚያ አይተኸው ታውቃለህ?" ዘበኛው የቁርጥራጩ ክምር ከአጥሩ ውጭ እንደነበር ተናገረ። ልጁ ነፃ ተባለ። ጓደኛው ግን ሽቦውን ቆርጦ ውስጥ እንደገባ በምስክር ስለተረጋገጠ ጥፋተኛ ሆነ።

ትልቁ ልጅስ? ሕፃንን መሣሪያ አድርጎ ወንጀል ያስፈጸመ አዋቂ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 32 መሠረት ራሱ እንደፈጸመው ይቆጠራል፤ የተሰረቀ ዕቃ አውቆ የገዛም ይጠየቃል። ልጅዎ ከኋላው ሰው እንዳለ ካወቁ ፈርተው አይደብቁ። እንዲህ ያለ ሰው ነገ ሌላ ልጅ ይልካል።

ልጁ ባይሰማው የሚሻል ነገር ሲነሳ (ስለ አባቱ መጠጥ፣ ስለ ቤቱ ጠብ) ዳኛው ልጁን ለጊዜው ሊያስወጡት ይችላሉ። ሲያስወጡት አይደንግጡ። ይልቅ ያንን ጊዜ ይጠቀሙበት፤ እውነቱን የሚናገሩበት ሰዓት ነው።

6. ጥፋተኛ ከተባለ

ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ይጠይቃል፦ ጠባዩ፣ ትምህርቱ፣ ኑሮው። ወላጅ፣ የትምህርት ቤት ሰው፣ ሶሻል ዎርከር ይጠራል። ሶሻል ዎርከሯ ቤትዎ ልትመጣ ትችላለች። ቤቱን አስጊጠው አይጠብቋት። የምታየው ሶፋውን አይደለም፣ ልጁ የሚያድርበትን፣ ሲመሽ ማን ቤት እንዳለ፣ ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ ነው። እርስዎ ማታ አራት ሰዓት የሚመለሱ ከሆነ "እኔ ነኝ የምጠብቀው" አይበሉ፤ አክስቱ ከትምህርት ቤት ስትመልሰው እንደምትውል ይንገሯት፣ አክስቱም ትኑር። ዳኛዋ የሚያስቡት ይህ ልጅ ነገ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ የሚያሳምን መልስ ይዞ የቀረበ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ይመለሳል።

እርምጃዎቹ ብዙ ናቸው። የታመመ ወይም ሱስ ያለበት ልጅ ለሕክምና ይላካል። ተግሣጽ አለ፦ ዳኛው ፊት ለፊት ያደረገውን ያስረዱታል፣ ይወቅሱታል፤ ትንሽ ቢመስልም ከእናቱ ጩኸት የበለጠ የሚገባው ልጅ አለ። ቀላል ጥፋት ሆኖ ልጁ የሚታረም ከመሰለ በትርፍ ሰዓቱና በዕረፍት ቀኑ ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ፣ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራም እንዲሠራ ይታዘዛል። ከሁሉም ጠቃሚው ግን አንቀጽ 159 ላይ ያለው በክትትል የማሳደግ እርምጃ ነው። ልጁ ለዘመድ፣ ዘመድ ካልሆነ ለሌላ የታመነ ሰው ወይም ለሕፃናት ድርጅት ይሰጣል፤ የተረከበው ሰው ልጁን እንደሚጠብቅ በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ትምህርት እንዳያቋርጥ፣ ከእገሌ ጋር እንዳይውል የሚል ትእዛዝም ይጨመርበታል። ያ ሽቦ የቆረጠው ልጅ ቃሊቲ ላለች አክስቱ የተሰጠው በዚህ ነው። አክስቱ አብራ ባትመጣ ኖሮ ምን ይወሰን እንደነበር እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ግን መምጣቷን ዳኛዋ ሁለት ጊዜ እንዳነሱት እናቱ ነግራኛለች።

ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ የሚመጣው የልጁ ጠባይ፣ የቀድሞ ታሪኩና የወንጀሉ ክብደት ሲያስገድድ ነው። ጊዜው ከ1 ዓመት አያንስም፣ ከ5 ዓመት አይበልጥም፣ 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ያበቃል። መቀጮና እስራት የሚታሰቡት እነዚህ ተሞክረው ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው፤ እስራት ደግሞ ለከባድ ወንጀል ብቻ። ግርፋት የለም። የ1949ኙ ሕግ ለልጆች ግርፋትን ፈቅዶ ነበር፣ የአሁኑ አውጥቶ ጥሎታል፤ "ድሮ ይገረፍ ነበር፣ ይሻል ነበር" የሚሉ ሽማግሌዎች ሲያጋጥሙኝ አልከራከርም፣ ግን ድሮ የተገረፉትን መዝገብ ላይ እንደገና ስጽፋቸው ነበር።

እርምጃ የተወሰደበት ልጅ በወንጀል ቅጣት እንደተፈረደበት ሰው አይቆጠርም። ይህን ለልጁ ይንገሩት፤ ዕድሜ ልኩን "ወንጀለኛ" ነኝ ብሎ እንዳያድግ።

7. ከውሳኔው በኋላ

ትእዛዙ ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። የልጁ ሁኔታ ሲለወጥ፣ አክስቱ ብትታመም፣ ትምህርት ቤት ቢቀይር፣ ፍርድ ቤቱ በራሱ ወይም በልጁ ወገን ወይም በተረከበው ሰው ጥያቄ እርምጃውን ሊቀይረው ይችላል። ዝም ብለው ልጁን ከአክስቱ ቤት አይውሰዱ፤ መጀመሪያ ማመልከቻ ያስገቡ።

ይግባኝ የሚሉ ከሆነ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚሉ ያስታውቁ፣ የፍርዱን ግልባጭ ካገኙ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኙን ማመልከቻ ያስገቡ። ሬጅስትራር ላይ ለዓመታት ያየሁት ትልቁ ኪሳራ በዚህ ቀን ማለፍ የመጣ ነው። ግልባጩን በዚያው ቀን ይጠይቁ።

ካሳ ሌላ ነገር ነው። ልጁ በወንጀል ባይቀጣም ተበዳዩ ለጠፋው ንብረት በፍትሐ ብሔር ሊከስ ይችላል፤ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 አባት ይጠየቃል። ስለዚህ ሽማግሌ ልከው የፌሮውን ዋጋ ቀድመው ቢከፍሉ ያዋጣዎታል። ግን ሽምግልናውን ከልጁ "አዎ" ጋር አያያይዙት። ተበዳዩ የሚፈልገው ብረቱን ወይም ገንዘቡን ነው፤ "ልጁ ይመንልኝና እታረቃለሁ" ካለ፣ ክፍያውን ይቀጥሉ፣ እምነቱን ይተዉ። የታረቁበትን ወረቀት ሁለት ምስክር አስፈርመው ይያዙ፣ ለዳኛውም ያሳዩ። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ጉዳይ ከሆነ ዕርቁ ጉዳዩን ሊዘጋው ይችላል፤ ካልሆነም ቅጣት ላይ ይጠቅማል።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ ያቺ እናት "ጋሼ፣ ለዳይሬክተሩ ምን ልበለው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። የቀጠሮውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጊ፣ የቀረበትን ቀን የሚያስረዳው እሱ ይበቃል፤ የተነሳበትን ነገር የያዘውን መዝገብ ግን ለማንም አታሳዪ፣ ችሎቱ በዝግ የሆነው ለዚሁ ነው አልኳት። ኮፒውን ያነሳችው ታክሲ ተራው ጋ ካለው ቤት ነው፤ ልጁ ውጭ ቆሞ ጠበቃት፣ ቁራሌውም በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ ፊቱን አዞረ።